የጠዋት ካያክ በሐይቅ፦ ወፍ ማየት፣ ቆሻሻ መልቀም (ከደሴና ከኮምቦልቻ ለሚመጡ፣ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ደሴ ላይ ሆኖ አንድ ሰው «ሐይቅ እንሂድ» ካለ አሳ ሊበላ ነው። ችግር የለውም፣ እኛም እንበላለን። ግን አሳ ቤቶቹ እሳት ሳያነዱ ውሃው ላይ የሚደረግ ሌላ ነገርም አለ። ካያክ (በመቅዘፊያ የሚሄድ ቀላልና ጠባብ ጀልባ) ላይ ቁጭ ብሎ፣ ዳር ዳሩን ቀስ እያሉ እየቀዘፉ፣ ወፍ እያዩ ያገኙትን ሃይላንድና ፌስታል መልቀም። አብረን የምንወጣው ጓደኛሞች ነን፣ ማኅበር አይደለንም። ጥያቄው ግን ስለበዛብን አንዴ ጽፈን መገላገል መረጥን።

የቱ ሐይቅ ነው? ደሴ ውስጥ ሐይቅ አለ እንዴ?

የለም። የምንወጣው ከደሴ በስተሰሜን፣ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው ሐይቅ ነው። አንዳንዱ ሎጎ ሐይቅ ይለዋል። ከተማውም ስሙ ሐይቅ ነው፣ ተሁለደሬ ወረዳ ውስጥ። ከኮምቦልቻ የምትመጡ እስከ ደሴ ያለውን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት ጨምሩበት።

ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥልቀቱ ግን መልኩን አይመስልም። ጥልቅ በሆነበት ቦታ ከ80 ሜትር በላይ ይወርዳል።

መንገዱ ሰላም መሆኑን ከመነሳታችሁ በፊት ማታ ደውላችሁ ሰው ጠይቁ። ይሄ ለካያክ ብቻ የሚሰጥ ምክር አይደለም፣ የዘንድሮ የመንገደኛ ልማድ ነው።

ለምን በሌሊት? ከቁርስ በኋላ አይሆንም?

ይሆናል፣ ግን ትለፋላችሁ። ጠዋት ውሃው ዝም ያለ ነው። ፀሐይዋ ከፍ እያለች ስትሄድ ነፋስ ይነሳል፣ ሞገድ ይመጣል። ካያክ ደግሞ ቀላል ስለሆነ ነፋስ ይጫወትበታል። ስትሄዱ ከኋላ እየገፋ ያደፋፈራችሁ ነፋስ ስትመለሱ ፊት ለፊት ይቆማል። ጀማሪን የሚያደክመው ይሄ ነው።

ወፎቹም ቢሆኑ የጠዋት ናቸው። ይመገባሉ፣ ይጮኻሉ፣ ከዳር ወደ ውስጥ ይወጣሉ። ረፋድ ላይ ልብስ አጣቢው፣ ከብት አጠጪውና ዋናተኛው ሲመጣ ወደ ሸንበቆው ይገባሉ።

ስለዚህ ከደሴ 11 ሰዓት ላይ እንነሳለን፣ 12 ሰዓት አካባቢ ውሃ ላይ እንሆናለን፣ ከ3 ሰዓት በፊት እንወጣለን።

ቀዝፌ አላውቅም። ይከብዳል?

አይከብድም፣ አብሽሩ። ለግማሽ ሰዓት ያህል ዙሪያውን ትዞራላችሁ፣ ከዚያ እጃችሁ ይለምደዋል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። ጀማሪ በክንዱ ነው የሚቀዝፈው፣ ስለዚህ ቶሎ ይደክመዋል። ወገባችሁን እያዞራችሁ ቅዘፉ። መቅዘፊያውንም አንቃችሁ አትያዙት።

ዋና አልችልምስ?

ይሄን በቀልድ አንወስደውም። ዋና የሚችልም የማይችልም የሕይወት አድን ጃኬት ሳያደርግ ካያክ ላይ አይወጣም። ጃኬቱ በልክ መሆን አለበት። ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ስትስቡት አገጫችሁን አልፎ ከወጣ ሰፍቷችኋል፣ ውሃ ውስጥም እንዲሁ ነው የሚሆነው።

ዋና የማይችል ሰው ከዳር አይርቅ፣ ከሚችል ሰው ጋር በአንድ ባለሁለት መቀመጫ ካያክ ይውጣ። ዳሩ አንዳንድ ቦታ ላይ ድንገት ነው የሚጠልቀው። «እዚህ እኮ እግሬ ይደርሳል» ብሎ መውረድ የለም። ከተገለበጣችሁ ካያኩን አትልቀቁት። እሱ አይሰምጥም፣ ያዙትና ጓደኛችሁን ጥሩ። በየመጀመሪያው ቀን ዳር ላይ፣ ወገብ በሚደርስ ውሃ፣ ሆን ብለን እንገለበጣለን። ሳቅ ይበዛል፣ ፍርሃቱ ግን እዚያው ይቀራል።

ካያኩ ከየት ይመጣል?

እንደ ባጃጅ እጅ አውጥቶ የሚጠራ ነገር አይደለም። የእኛ በአየር የሚነፉ ናቸው፣ ሰው ከውጭ ሲመጣ ያመጣቸው። ተጣጥፈው ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ይጫናሉ፣ በእግር ፓምፕ ይነፋሉ። ጉዳታቸው ነፋስን አይችሉም፣ እሾህም አይወዱም። ካያክ ከሌላችሁ ሐይቅ ላይ ከጀልባ ባለቤቶች ጋር ተነጋግራችሁ በመቅዘፊያ የሚሄድ ጀልባ መያዝ ትችላላችሁ። ሞተሩ እንዳይነሳ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ሞተር ከተነሳ ወፍ የለም።

ምን ምን ወፍ ይታያል?

መጀመሪያ የምትሰሙት ጋጋኖን ነው። ገና ሳይነጋ እየጮኸች በላያችሁ ታልፋለች፣ የተኛውን ሁሉ ትቀሰቅሳለች። ምንቃሯ ረጅምና ቆልማማ ነው፣ ጉሮሮዋ ሥር ትንሽ ቆዳ ተንጠልጥሏል፣ ክንፏ ላይ ነጭ ምልክት አላት። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ የትም የለችም። የውጭ ሰው እሷን ለማየት አውሮፕላን ይሳፈራል፣ እኛ «ዝም በይ» እንላታለን።

ሸንበቆው ዳር ደግሞ ጥቁር፣ ዶሮ የምታህል፣ ግንባሯ ነጭ የሆነ ወፍ ትዋኛለች። በመራቢያ ጊዜ ከግንባሯ በላይ ሁለት ቀይ እብጠት ይወጣል። ኩት ይሏታል። ተራ ወፍ ትመስላለች፣ ግን ጠብ ስታነሳ ማየት ነው! ውሃው ላይ እየሮጠች ጎረቤቷን ታባርራለች።

ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉሯ ኪንግፊሸር የሁላችንም ተወዳጅ ናት። ከውሃው በላይ አየር ላይ አንድ ቦታ ቀጥ ብላ ክንፏን ታርገበግባለች። ጭንቅላቷ አይነቃነቅም፣ ዓይኗ ታች ነው። ከዚያ ክንፏን ሰብስባ እንደ ድንጋይ ትወድቃለች። ብዙ ጊዜ ባዶዋን ትወጣለች። ከያዘች ግን አሳውን ግንድ ላይ ወስዳ፣ ግራና ቀኝ ደብድባ፣ በጭንቅላቱ በኩል ትውጠዋለች። ካያኩን አቁማችሁ ይሄን አንድ ጊዜ ካያችሁ ለሌላው ወፍ አትቸኩሉም።

ጥቁር፣ አንገተ ረጅም፣ ግንድ ላይ ክንፉን ዘርግቶ የሚቆመው ኮርሞራንት ነው። እየጸለየ አይደለም፣ ክንፉን እያደረቀ ነው። ላባው ውሃ ስለሚጠጣ ለመጥለቅ ይጠቅመዋል፣ ለመብረር ግን ያስቸግረዋል።

ይብራና ዳክዬ አይጠፉም። ራሱ ነጭ የሆነው የአሳ ንስር ትልቅ ዛፍ ላይ ሲቀመጥ ካያችሁ ዕድለኛ ናችሁ። ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፣ ሲጮህ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ይወረውራል።

በየትኛው ወር ብንመጣ ይሻላል?

ከጥቅምት እስከ የካቲት። አውሮፓና እስያ ሲበርዳቸው ተጓዥ ዳክዬዎች ወደ እኛ ይወርዳሉ፣ ማንኪያ የመሰለ ምንቃር ያላቸውም አብረው ይመጣሉ። ክረምት ላይ አንወጣም። ዝናቡም፣ ጭቃው መንገድም፣ መብረቁም አያስወጣም። ወሎ ደግሞ የበልግ ዝናብም አለው፣ ስለዚህ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የሰማዩን ፊት አይታችሁ ወስኑ።

ቆሻሻ ለመልቀም ብቻ ከሆነ ጥቅምትን የሚያክል የለም። ክረምቱ ከከተማውና ከመንገዱ ዳር ጠርጎ ያመጣውን ሁሉ ዳር ላይ ደርድሮ ይጠብቃችኋል።

ምን ያህል ልጠጋቸው?

ሜትር አንሰጥም። ወፉ ራሱ ይነግራችኋል። መብላቱን ትቶ አንገቱን ቀና ካደረገ በቃችሁ፣ እዚያው ቁሙ። መሄድ ከጀመረ አልፋችኋል፣ ወደ ኋላ ቅዘፉ። ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ መሄድም ያስፈራቸዋል። በጎን በኩል፣ የምታልፉ መስላችሁ፣ መቅዘፊያውን ጭናችሁ ላይ አስቀምጣችሁ ተንሳፈፉ። የሚገርመው ቆሻሻ ለቃሚው ብዙ ወፍ ያያል። ምክንያቱም አይሮጥም። አንድ ፌስታል ከሸንበቆ ለማላቀቅ አምስት ደቂቃ ሲታገል ወፉ ይረሳዋል። ወፍ ለማየት ብቻ የመጣ ሰው ግን እያሳደደ ይውላል።

ለፎቶ ብሎ መንጋ ማስነሳት ነውር ነው። ፎቶው ያምር ይሆናል፣ ወፎቹ ግን የጠዋት ምግባቸውን ትተው ነው የሄዱት።

ቆሻሻ መልቀሙ ምን ለውጥ ያመጣል? ነገ መልሰው ይጥሉታል።

ይጥሉታል፣ እውነት ነው። ግን ይሄ ሐይቅ አንድ ጠባይ አለው። መውጫ የለውም። ውሃ ይገባል፣ ከእሱ ከፍ ካለው ከአርዲቦ ሐይቅ የሚመጣው ወንዝም ጭምር። የሚወጣ ወንዝ ግን የለም፣ ውሃው በዋናነት የሚቀንሰው በትነት ነው። ጣና ላይ የተጣለ ሃይላንድ ቢያንስ ዓባይን ይዞ ሌላ አገር ሊሄድ ይችላል (ይሄም ደስ አይልም)። ሐይቅ ላይ የተጣለው ግን የትም አይሄድም። ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ይሰባበራል፣ ይደቅቃል፣ እዚያው ይቀራል። እዚያው ውሃ ውስጥ ደግሞ ደሴ መጥቶ ጥብስ የሚሆነው ቆሮሶ የሚባለው አሳ ያድጋል። ቆሮሶም ቢሆን የሐይቁ ተወላጅ አይደለም፣ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነው ሰው አምጥቶ የለቀቀው። ለዚህ ሐይቅ የሰው እጅ አዲስ ነገር አይደለም ለማለት ነው።

ስለዚህ ከዚህ ውሃ የወጣ አንድ ፌስታል በእርግጥ ወጥቷል። እኛን የሚያስነሳን ይሄ ሒሳብ ነው።

ብዙ ጊዜ ምን ይገኛል?

ሃይላንድ፣ ፌስታል፣ የሳሙናና የሻምፑ ከረጢት፣ የተቀደደ ማዳበሪያ፣ አንድ እግር ነጠላ ጫማ (ሌላው እግር የት እንደሚሄድ አናውቅም)። የጫት ገረባም አለ። ገረባው ይበሰብሳል፣ የተጠቀለለበት ፌስታል ግን አይበሰብስም።

ክዳኑ የተዘጋ ሃይላንድ ይንሳፈፋል፣ ነፋስ ገፍቶ አንድ ዳር ይሰበስበዋል። እሱን መልቀም የአስር ደቂቃ ሥራ ነው። ክዳን የሌለው ነው አስቸጋሪው። ግማሹ ጭቃ ይሆናል፣ አረም ይዞት ይተኛል። ስታነሱት ውስጡን እዩ። ትንንሽ አሳና ቀንድ አውጣ ቤት ሠርተውበት ይገኛሉ። እዚያው ቀስ ብላችሁ ድፉትና ጠርሙሱን ብቻ ውሰዱ።

ከሁሉ የከፋው የተጣለ የናይለን መረብ ነው። ባለቤቱ ቢተወውም መያዙን አያቆምም። ጠላቂ ወፍ ከገባበት አይወጣም። ቢላዋ የምንይዘው ለዚህ ነው።

መነካት የሌለበት ነገር አለ?

አለ፣ ይሄን ሳታነቡ አትውጡ።

አንደኛ፣ ሁሉም ሃይላንድ ቆሻሻ አይደለም። አሳ አጥማጆች መረባቸውን ማታ ይዘረጋሉ፣ ምልክትና ተንሳፋፊ አድርገው የሚያስሩበት ደግሞ ያው ባዶ ሃይላንድ ነው። አዲስ ሰው ደስ ብሎት ያነሳዋል፣ ከሥሩ የሰው እንጀራ ይጎተታል። «ኧረ ወንድሜ፣ ልቀቀው፣ የኔ ነው!» የሚል ድምፅ ከሩቅ ከሰማችሁ ነገሩ ይሄ ነው። ስታነሱት የሚከብድ ወይም ክር ያለው ከሆነ ወዲያው መልሱ። ባለቤቱ ካለ ሰላም በሉት፣ ይቅርታ ጠይቁት። የሐይቁን ጠባይ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።

ሁለተኛ፣ ጎጆ። ኩትና ትናንሽ ጠላቂ ወፎች ጎጆአቸውን ውሃው ላይ፣ ከሸንበቆና ከአረም ነው የሚሠሩት። የበሰበሰ ቅጠል ክምር ይመስላል። ጎጆው ውስጥ ፌስታል ተጠምዶ ብታዩት እንኳ ተዉት። እናቲቱን ካስነሳችኋት ቁራው ከላይ ሆኖ እያየ ነው። ስለ አንድ ፌስታል ሦስት እንቁላል ማስበላት ትርፍ አይደለም። በዚህ ላይ ብዙ እንከራከራለን፣ እኛ ግን አቋማችን ይሄ ነው። ቆሻሻው ወፎቹ ጎጆውን ከተዉ በኋላም እዚያው ይገኛል።

ሦስተኛ፣ መርፌና የተሰበረ ብርጭቆ። በእጅ የለም፣ በጓንትም የለም። በመቆንጠጫ አንስታችሁ ወፍራም ፕላስቲክ ጀሪካን ውስጥ ጨምሩ።

የተለቀመው የት ይሄዳል?

ዳር ላይ ትተነው አንሄድም። ይሄ ከሆነማ መጀመሪያ መልቀሙም አያስፈልግም ነበር። ማዳበሪያውን ከሥሩ በሳስተን ውሃው እንዲንጠፈጠፍ እናደርጋለን፣ ከዚያ እንለያለን። ንጹሑን ሃይላንድ ቆራሌው ይገዛል። ብዙ ጊዜ ግን ለቆራሌው አይደርስም። ገና ከካያኩ ሳንወርድ ልጆች «ጋሼ፣ ሃይላንድ!» እያሉ ይመጣሉ። እንሰጣቸዋለን፣ ይጠቀሙበታል። ፌስታሉና የተረፈው ተጭኖ ወደ ከተማ ይመለስና ገንዳ ውስጥ ይገባል። መኪናው ይሸታል፣ ሹፌሩ ይቆጣል። ቡና ጋብዙት።

ፌስታል ተከልክሎ የለም እንዴ?

ተከልክሏል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነውን ስስ ፌስታል ከልክሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠበቅ ያለ አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ሐይቁ ዳር ያለው ፌስታል ግን አዋጅ አያነብም፣ የቆየውም ብዙ ነው።

ቢልሃርዝያስ? ሰው ያስፈራራናል።

ያስፈራራችሁ ሰው ልክ ነው። በአካባቢው የአንጀት ቢልሃርዝያ አለ። በሽታው የሚመጣው ዳር ላይ፣ አረምና ሸንበቆ ባለበት ጥልቀት በሌለው ውሃ ከሚኖር ቀንድ አውጣ ነው። ከቀንድ አውጣው የምትወጣው ትል በዓይን አትታይም፣ ቆዳ በስታ ትገባለች። በብዛት የምትወጣው ፀሐይ ሲበረታ፣ ቀትር አካባቢ ነው። ጠዋት የመውጣታችን አንዱ ጥቅም ይሄ ነው፣ ግን ጠዋት ነጻ ነው ማለት አይደለም።

እኛ የምናደርገው ይሄን ነው። ስንገባና ስንወጣ አረም የሌለበትን፣ ጠጠራማ ዳር እንመርጣለን። ቦት ጫማና ረጅም የጎማ ጓንት እናደርጋለን። ውሃ ውስጥ ቆመን አንለቅምም፣ ካያኩ ላይ ሆነን ነው የምንለቅመው። የመገልበጥ ልምምዱም ከአረሙ ርቆ ነው፣ አጭርም ነው።

ከገባችሁበት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የሰገራ ምርመራ አድርጉ። ካለባችሁ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል የሚባል ኪኒን ነው፣ ሐኪም ያዝላችኋል። ጎረቤት ስለነገራችሁ አትዋጡ።

ወደ ገዳሙ መጠጋት ይቻላል?

ሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ነው። ሴቶች ግቢው ውስጥ አይገቡም፣ ከውሃው ላይ ሆነው ማየት ግን ይችላሉ። ወንዶችም ቢሆኑ በፈቃድ ነው የሚገቡት፣ በዋናው በር በኩል። ከካያክ ላይ ዘሎ ዳሩ ላይ መውጣት ጨዋነት አይደለም።

ዛሬ በእግር የሚገባበት ይህ ቦታ ድሮ ደሴት ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የግራኝ አሕመድ ጦር ሲመጣ ለመሻገር ተንሳፋፊ መሥራት ነበረበት። ከዚያ በፊት በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ነው። ለወፍ ተመልካች ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ዛፉ አልተቆረጠም። ስለዚህ ራቅ ብላችሁ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ዛፉን ቃኙ። የጸሎት ሰዓት ከሆነ ሙዚቃ የሚባል ነገር አይከፈት። በእርግጥ በሌላውም ሰዓት አይከፈት።

ምን ልልበስ? ምን ልያዝ?

ደሴ ላይ በጋቢ ትነሳላችሁ፣ ሐይቅ ላይ በሸሚዝ ትቀራላችሁ። ሐይቁ ከደሴ በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ጂንስ አታድርጉ፣ ከረጠበ ከባድ ነው፣ አይደርቅም። ባርኔጣ የግድ ነው፣ የጠዋት ፀሐይ ውሃ ላይ ሁለት ናት። ስልካችሁን ሁለት ፌስታል ውስጥ ቋጥሩት (አዎ፣ ፌስታል፣ ግን ይዛችሁት ተመለሱ)። መነጽር የምታደርጉ ከኋላ በክር እሰሩት። ባይኖኩላር ካላችሁ አምጡ፣ ከሌላችሁም ለሦስት ሰው አንድ ይበቃል።

ልጆች ይዘን ብንመጣ?

በልካቸው የሚሆን ጃኬት ካለ ደስ ይለናል። ከሌለ ዳር ላይ ሆነው ይልቀሙ። ወፍ ቶሎ የሚያዩት እነሱ ናቸው። መርፌና ብርጭቆ እንዳይነኩ ግን አንድ ትልቅ ሰው አብሯቸው ይቁም፣ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ያስገባ ትልቅ ሰው።

ክፍያ አለው?

ለእኛ የሚከፈል የለም። የመኪናውን እንካፈላለን፣ ጓንትና ማዳበሪያ እያንዳንዱ ይዞ ይመጣል። ስንጨርስ አሳ የሚበላ ይበላል፣ የሚጾም ቡናውን ይጠጣል። ሒሳብ በየራስ ነው።